«ደህና ቦታ» የተቀመጠ ዕቃ ለምን ይጠፋል?

በየቤታችን ዘወትር የሚነገር፣ ነገር ግን ማንም ልብ ብሎ ያልመረመረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፡፡ «የትም አልሄደም፤ ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኩት» የሚል ነው፡፡ ይህ በተነገረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቁም ሳጥን ይገለበጣል፣ ፍራሽ ይነሳል፣ የቤት ሠራተኛዋ ትጠየቃለች፣ ልጆች ይጠረጠራሉ፡፡ ዕቃው ግን የለም፡፡ ከቤት እንዳልወጣ ሁሉም ያውቃል፤ የት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም፡፡

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ይኸው «ደህና ቦታ» የሚባለው ነው፡፡ ስለ ሕግና ስለ አስተዳደር ሲጽፍ የኖረ ሰው ወደ መርፌና ክር ወረደ ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፡፡ ነገሩ በቤቴ ደርሶ ያየሁት፣ ያስከፈለኝም ዋጋ ቀላል ያልነበረ ነው፡፡ በዚያ ሰበብ ስለ ቦታና ስለ ማስታወስ ያነበብኩትንም አብሬ አቀርባለሁ፡፡ ቤታቸው ውስጥ የስፌት፣ የጥልፍ፣ የኪሮሽ፣ የእንጨት ወይም የሥዕል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበት ይሆናል፡፡

ባለቤቴ ማስተማሩን ከተወች ወዲህ በግቢያችን ጀርባ ካሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አንደኛውን የስፌትና የጥልፍ ክፍል አድርጋዋለች፡፡ ክፍሉ ከሦስት በሦስት ሜትር አይበልጥም፡፡ አንድ የእግር የስፌት መኪና፣ አንድ የኤሌክትሪክ፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች፣ በማዳበሪያ የተሞላ ብጣሽ ጨርቅ፣ ገበር፣ ላስቲክ፣ ዚፕ፣ በማርማላታ ጠርሙስ የተጠራቀመ ቁልፍ፣ የጥልፍ ክር በየቀለሙ፣ የአማቴ እንዝርትና ሙዳይ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፡፡ በየአገሩ የሚሳቅበት ሰማያዊው የዴንማርክ ብስኩት ቆርቆሮም አለ፡፡ ልጆቻችን ሕፃን ሳሉ ብስኩት አለ ብለው ከፍተው መርፌ ቁልፍ አግኝተው አልቅሰውበታል፡፡

ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ክፍሉ የዘረፋ ወንጀል የተፈጸመበት ይመስላል፡፡ እሷ ግን ከመኪናው ሳትነሳ፣ ዓይኗንም ሳታዞር፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ የምትፈልገውን ጠመኔ ታወጣ ነበር፡፡ ይህን እያየሁ ስንት ዓመት ስቄያለሁ፡፡ ምን እያየሁ እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር፡፡

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ታመመችና ድንገት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፡፡ ወሩ የሠርግ ወር ነው፡፡ የጎረቤታችን ልጅ ልትዳር አሥር ቀን ቀርቷታል፡፡ የሙሽራዋ ቀሚስ ደግሞ እኛ ሰርቪስ ውስጥ የአንድ እጅጌ ጥልፍ ሲቀረው ተሰቅሏል፡፡ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ አንድ ጠላፊ ሊጨርስልን ፈቀደ፡፡ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተጀመረበትን ወርቃማ ክርና የልኩን ደብተር፡፡

እኔ፣ ልጄና የሙሽራዋ እናት ክፍሉ ውስጥ ገባን፡፡ ሁለት ቀን ፈለግን፡፡ ያልተገኘ ነገር የለም፤ ጠፍቷል ብለን የተውነው የቤት ስልክ ውል ሳይቀር ተገኘ፡፡ ክሩና ደብተሩ ግን አልተገኙም፡፡ ልጄ ሆስፒታል ሄዳ «እማዬ፣ ወርቃማው ክር የት ነው?» ብትላት፣ ከማደንዘዣ ገና ያልነቃች እናት «ሰማያዊው ሳጥን ሥር» አለቻት፡፡ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰማያዊ ሳጥኖች አሉ፡፡ የሦስቱንም ሥር አየን፡፡ በማግስቱ ስትጠየቅ «ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኩት፣ እኔ ብመጣ አገኘው ነበር» ብላ አለቀሰች፡፡

መጨረሻ ላይ ደብተሩ ከመኪናው መሳቢያ ጀርባ ወድቆ ተገኘ፡፡ ክሩ ግን ሳይገኝ ቀረና ከመርካቶ የሚቀርበው ቀለም ተገዝቶ እጅጌው ተጠለፈ፡፡ ሠርጉ በሰላም ተደገሰ፡፡ የቀለሙን ልዩነት ከባለቤቴ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፡፡ እስካሁን ግን የዚያን ሠርግ ፎቶግራፍ ስታይ ዓይኗ የሚያርፈው ግራ እጅጌው ላይ ነው፡፡

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ መጽሐፉ መሄዱ አይቀርም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1140 ይዞታ ማለት አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት የሚያዝበት ሁኔታ መሆኑን ይናገራል፡፡ እንግዲህ የት እንዳለ በማታውቀው መቀስ ላይ በእውነት ታዛለህ ወይ? ባለሀብቱ ነህ፤ ባለይዞታው ግን ካርቶኑ ነው፡፡ የእኛ ቤት ችግር ከዚህም ይብሳል፡፡ የቦታው ዕውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፡፡ ጉዳዩ በአንድ ምስክር ላይ የቆመ ነው፤ ምስክሯ ደግሞ ማደንዘዣ ወስዳለች፡፡

ይህን ካሰብኩ በኋላ የሠራሁት ሥራ ነው ዋናው ጥፋት፡፡

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥታ እህቷ ዘንድ ለማገገም በሰነበተችበት ሁለት ሳምንት «አስደንቃታለሁ» ብዬ ክፍሉን አስተካከልኩ፡፡ ካርቶኑን ሁሉ አወጣሁ፡፡ ክሩን ከክር፣ ዚፑን ከዚፕ፣ ጨርቁን ከጨርቅ ለየሁ፡፡ መደርደሪያ አሠራሁ፡፡ በኮምፒዩተር የታተመ ጽሑፍ ለጠፍኩ፡፡ የማይረባ የመሰለኝን ሦስት ማዳበሪያ ብጣሽ ለሠፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች ሰጠሁ፤ ባዶ ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን ቁራሌው ወሰደው፡፡ ክፍሉ እንደ መድኃኒት ቤት አማረ፡፡

ባለቤቴ መጥታ በሩን ስትከፍት ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም፡፡ ከዚያ መኪናው ላይ ተቀመጠችና እጇን ወደ ኋላ ላከች፡፡ እጇ ባዶ መደርደሪያ ነካ፡፡ ዞር ብላ አየችና «ጠመኔዬስ?» አለች፡፡ «መሣሪያ የሚለው ላይ ነው» አልኳት፡፡ ቀጥላ በዝግታ «ከመስኮቱ ሥር የነበረችው አሮጌ ፌስታልስ?» ብላ ጠየቀችኝ፡፡ በፌስታሉ ውስጥ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አማቴ በብጣሽ አቡጀዲ ላይ የጠለፏቸው የጥልፍ ናሙናዎች ናቸው፡፡ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ አይበልጡም፡፡ ቢጫ ሆነዋል፤ ጠርዛቸው ተበጣጥሷል፡፡ እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ መስለውኝ ነበር፡፡

አልጮኸችም፡፡ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር፡፡ ሌላውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ትልቅ ስህተት መሆኑን በመጀመሪያው ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፡፡ ሚስቴን ሳልሰማ ግን በእናቷ እጅ ሥራ ላይ ፈረድኩ፡፡ ይግባኝ የሚባልበት ቦታም የለም፡፡ የቆሻሻ መኪናው ከሄደ ሳምንት ሆኖታል፡፡

ጭንቅላታችን ቦታን የሚይዘው እንዴት ነው?

ምን እንዳጠፋሁ ለመረዳት ማንበብ ጀመርኩ፡፡ ቦታን ስለማስታወስ የሚነገረው ጥንታዊ ታሪክ የግሪኩ ባለቅኔ የሲሞኒደስ ነው፡፡ ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ሲሞኒደስ ከግብዣ አዳራሽ ወጣ እንዳለ ጣሪያው ተደርምሶ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ ይጨርሳል፡፡ አስከሬኑን መለየት አልተቻለም፡፡ ሲሞኒደስ ግን እያንዳንዱ እንግዳ የት ተቀምጦ እንደነበር ስላስታወሰ ለየቤተሰቡ አስረከበ ይባላል፡፡ የጥንት ተናጋሪዎች ረጅም ንግግር በቃላቸው ለመያዝ በምናባቸው ቤት ውስጥ እየዞሩ ሐሳቡን በየጥጉ የሚያስቀምጡበት ዘዴ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል፡፡

በእኛ ዘመን ደግሞ ሳይንቲስቶች የዚህን ችሎታ ማደሪያ አንጎል ውስጥ አግኝተውታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ኦኪፍ የአይጦችን አንጎል ሲያጠና፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት አይጧ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ እንደሚነቁ አስተዋለ፡፡ አንዱ ሕዋስ ለዚህ ጥግ፣ ሌላው ለዚያኛው ይሠራል፡፡ ባልና ሚስት የነበሩት ኖርዌያውያን ሜይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ርቀትንና አቅጣጫን እንደ መስመር ሰሌዳ የሚለኩ ሌሎች ሕዋሳትን አሳወቁ፡፡ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሊኖር ማግዋየርና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናትም 25 ሺህ ያህል የለንደን ጎዳናዎችን በቃላቸው የሚያጠኑ የታክሲ ነጂዎች የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች ሰፋ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል፡፡

ይህን ሳነብ የባለቤቴ እጅ ትዝ አለኝ፡፡ ዝርክርክ ያልኩት ክፍል ለእሷ ዝርክርክ አልነበረም፡፡ ዓመታት የፈጀ ካርታ ነበር፡፡ ጠመኔው በዚያ ቦታ የተቀመጠው ስለታሰበበት ሳይሆን እጇ ሺህ ጊዜ እዚያ ስለሄደ ነው፡፡ እኔ ክፍሉን ሳስተካክል ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ካርታውን ነው የቀደድኩት፡፡ ስለዚህ ሌላ ሰው የሚሠራበትን ቦታ በሌለበት ማስተካከል፣ በጎ አሳቢነት ቢኖርበትም፣ ጉዳት ነው፡፡ በቢሮ ላሉ አለቆችም ይህ ሳይነገር አይታለፍም፡፡

ደህና ቦታ ለምን ይከዳናል?

ካርታው እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ወርቃማው ክር ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ሦስት ምክንያቶችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል፡፡

የመጀመሪያው ቦታው ልዩ መሆኑ ነው፡፡ ዊኖግራድና ሶሎዌይ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ይህንኑ «ደህና ቦታ» የምንለውን ነገር መርምረውታል፡፡ ሰዎች አንድን ዕቃ ያልተለመደ ቦታ ሲያስቀምጡ፣ ቦታው እንግዳ ስለሆነ የማይረሱት ይመስላቸዋል፡፡ ሲፈተኑ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፡፡ የተሻለ የሚታወሰው ለዕቃው የሚስማማ፣ የተለመደ ቦታ ነው፡፡ ስንፈልግ ከዕቃው ተነስተን ነው ወደ ቦታው የምንሄደው፡፡ ክር ብለን ስናስብ የክር ሳጥን ይመጣልናል፤ ሌላ እንግዳ ቦታ ግን አይመጣልንም፡፡ ሌባ እንዳያገኘው ብለን የመረጥነው ቦታ ለራሳችንም እንደ ሌባው ይሰወረናል፡፡

ሁለተኛው፣ ስናስቀምጥ ልባችን እዚያ አለመኖሩ ነው፡፡ የሃርቫርዱ ዳንኤል ሻክተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የማስታወስን ድክመቶች በሰባት ሲከፍል አንዱን ለዚህ ሰጥቶታል፡፡ ስልክ እያወራን መቀሱን የሆነ ቦታ እናስቀምጣለን፡፡ በኋላ «ረሳሁት» እንላለን፡፡ በእውነቱ አልረሳነውም፤ መጀመሪያውኑ አልመዘገብነውም፡፡ መዝገብ ቤት ያልገባ ፋይል ጠፋ አይባልም፡፡

ሦስተኛው ደግሞ የትናንቱ ቦታ ከዛሬው ጋር መቀላቀሉ ነው፡፡ መኪና ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል፡፡ ሁልጊዜ በሚሄድበት ሕንፃ ምድር ቤት ያቆመውን መኪና ሲፈልግ ትዝ የሚለው የትናንቱ ወይም የባለፈው ሳምንት ቦታ ነው፡፡ መቀስ፣ ሜትርና መርፌም እንዲሁ ናቸው፡፡ በቀን ሃያ ጊዜ ቦታ ይለውጣሉ፡፡ አንጎላችን ሃያውንም ቦታ ያስታውሳል፤ የመጨረሻው የቱ እንደሆነ ግን ይምታታበታል፡፡

ምን አደረግን?

በዚያው ዓመት ክረምት ባለቤቴ «እንግዲህ አንተ ያመጣኸው ነው፣ አብረን እንጨርሰው» አለችኝ፡፡ አሁን ዳኛዋ እሷ ናት፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፡፡ መነሻ ያደረግነው ጃፓኖች ለሥራ ቦታ የሚጠቀሙበትንና በካይዘን ሥልጠና ወደ እኛ አገር የገባውን ዘዴ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምናያቸው አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው፡፡ እኛ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፡፡

አንደኛ፣ የሚያጣራው ባለቤቱ ብቻ ነው፡፡ ረዳት ያነሳል፣ ያሳያል፣ አይጥልም፡፡ ሦስት ክምር አደረግን፤ የሚፈለግ፣ የማይፈለግና ያልተወሰነ፡፡ ያልተወሰነው በካርቶን ሆኖ ቀኑ ተጻፈበት፡፡ ዓመት ሙሉ ካልተከፈተ ያኔ ይፈረድበታል፡፡ ይህ ሦስተኛው ክምር ባለፈው ጥር ቢኖረኝ ኖሮ የአማቴ ናሙናዎች ዛሬ ቤታችን ነበሩ፡፡

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ለወጥን፡፡ ስናስቀምጥ «የት ቢቀመጥ ይጠበቃል?» ሳይሆን «ነገ ስፈልገው መጀመሪያ የት ነው የምሄደው?» ብለን ጠየቅን፡፡ የጠፋ ዕቃ ሲገኝም የተገኘበት ቦታ አይመለስም፤ መጀመሪያ የፈለግንበት ቦታ ይቀመጣል፡፡ ጭንቅላታችን ዕቃው መኖር ያለበትን ቦታ ነግሮናልና፡፡ ከተግባራዊ ምክሮች ሁሉ አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ፡፡

ሦስተኛ፣ የሚታየውን እንዲታይ አደረግን፡፡ ቁልፍና ዚፕ በጠርሙስ፣ ክር በግድግዳ ላይ በሚስማር፡፡ ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፡፡ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር፤ በገጠር ቤትም አገልግሉ፣ ወንፊቱና ስፌቱ ተሰቅሎ ይታያል፡፡ ታዋቂዋ አሜሪካዊት ምግብ አብሳይ ጁሊያ ቻይልድም ድስቶቿንና መጥበሻዎቿን በግድግዳ ላይ ትሰቅል ነበር፡፡ ባለቤቷ ፖል እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ቦታው እንዲመለስ ቅርጹን በዙሪያው ሥሎላታል፡፡ ኩሽናው ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይታያል፡፡ እኔም የመቀሶቹን ቅርጽ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሣልኩ፡፡ መቀስ ሲጎድል ባዶው ሥዕል ይናገራል፡፡

አራተኛ፣ ለሚዞሩት ዕቃዎች የሚዞር ቤት ሠራንላቸው፡፡ መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔና መርፌ በአንዲት ትሪ ላይ ሆነው ባለቤቴ ወደ ካውያው ስትሄድ አብረው ይሄዳሉ፣ ወደ መኪናው ስትመለስ አብረው ይመለሳሉ፡፡ ሃያ ቦታ መፈለግ ቀርቶ አንዲት ትሪ መፈለግ ሆነ፡፡ ሳሎን ውስጥም ሁለተኛ መቀስ ተቀመጠ፡፡

አምስተኛ፣ ሳጥኖቹን በስም መጥራት ትተን ቁጥር ሰጠናቸው፡፡ «ሰማያዊው ሳጥን» ማለት ምን እንዳደረገን ታውቃላችሁ፡፡ እኔ የለጠፍኩት «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍም ምንም አይናገርም፡፡ አሁን ከ1 እስከ 24 ቁጥር አለ፡፡ በየሳጥኑ ያለው በአንድ ደብተር በእርሳስ ተጽፏል፤ ዕቃ ሲዘዋወር ተሰርዞ ይስተካከላል፡፡ ደብተሩ ራሱ እንዳይጠፋ በገመድ ታስሮ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፡፡ ልጃችን ደግሞ የየሳጥኑን ውስጥ በሞባይል ፎቶ አንስታ አስቀምጣለች፡፡ ይህን ሁሉ ስጽፍ ባለቤቴ «መርፌ ለማውጣት ሞዴል 22 ልፈርም ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፡፡ ከጥር ወዲህ ስትስቅብኝ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ አለኝ፡፡

ስድስተኛ፣ ስታስቀምጥ ድምፅ አውጥታ ትናገራለች፡፡ «አረንጓዴውን ገበር ሳጥን 9 አስገባሁ» ትላለች፡፡ ልብን ከእጅ ጋር ለማዋል ይህ ቀላል ዘዴ ነው፡፡ ስንፈልግም ስሙን ደጋግሞ መጥራት ይረዳል፡፡ ሉፕያንና ስዊንግሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ሰዎች የሚፈልጉትን ዕቃ ስም እየጠሩ ሲፈልጉ፣ በተለይም ስሙና መልኩ በደንብ የሚተዋወቁ ዕቃዎችን፣ ፈጥነው ማግኘታቸውን አሳይተዋል፡፡ «መቀስ፣ መቀስ» እያለ በቤት ውስጥ የሚዞርን ሰው ካያችሁ አትሳቁበት፡፡

ሰባተኛ፣ ማታ ሥራ ሲያበቃ አሥር ደቂቃ ዕቃ ወደ ቤቱ ይመለሳል፡፡ ማዝለቅ የሚሉት ይህ ነው፡፡ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸው ነው፤ ሁለት ሳምንት ያልተሠራበት እንደሆነ ክፍሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፡፡

ስምንተኛውና የመጨረሻው ምርመራ ነው፡፡ በወር አንድ ቀን ባለቤቴ አንድ ዕቃ ትጠራለች፤ እኔ ወይም ልጃችን ደብተሩን አይተን ማንንም ሳንጠይቅ እናመጣለን፡፡ ካላገኘነው ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን የአመዘጋገቡ ነውና ይታረማል፡፡ መጋዘን ጠባቂ ሲለወጥ ርክክብ የሚደረገው ለዚሁ ነው፡፡ ቤት ግን ርክክብ የለውም፡፡ የውርስ ክርክር ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው ንብረት ስለሌለ ሳይሆን ንብረቱ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ስለሄደ ነው፡፡ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የኢንሹራንስ ውል፣ ሁሉም «ደህና ቦታ» ናቸው፡፡

መቼ ነው ሊያሳስበን የሚገባው?

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቁልፉን ባጣ ቁጥር «ጀመረኝ ይሆን?» ብሎ መስጋቱ አይቀርም፡፡ መነጽርን ግንባር ላይ አድርጎ መፈለግ፣ መቀስን ማጣት፣ ቆይቶ ሲያስቡት እርምጃን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርም ትንሽ ይበረታል፡፡ ሐኪሞች የሚያሳስባቸው ሌላው ነው፡፡ ሰውየው ዕቃውን ከዕቃው ባሕርይ ጋር በማይሄድ ቦታ ደጋግሞ ሲያስቀምጥ፣ እርምጃውን ወደ ኋላ መቁጠር ሲያቅተው፣ ሰዎች ሰረቁኝ ማለት ሲያበዛ፣ ወይም ለዓመታት የሠራበት መሣሪያ ምን እንደሚያገለግል ሲጠፋበት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ቤተሰብ መደርደሪያ ከማሠራት በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፡፡ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የታይሮይድ ችግርም መርሳትን ሊያመጡ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው፡፡

ወርቃማው ክር ተገኘ ወይ? ተገኝቷል፡፡ በዚያው ክረምት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አፏ የተሰበረ ጀበና ሳወርድ ውስጧ ኮሽ አለ፡፡ ክሩ እዚያ ነበር፡፡ ባለቤቴ አይታ «አዎ፣ ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ደህና ቦታ ያስቀመጥኩት» አለች፡፡ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ልጅ ከጠፋ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፡፡

የአማቴ ናሙናዎች ግን አልተገኙም፤ አይገኙምም፡፡ ባለቤቴ በቃሏ የያዘቻቸውን አንድ በአንድ በአዲስ አቡጀዲ ላይ መጥለፍ ጀምራለች፡፡ እስካሁን አሥራ አንድ ደርሳለች፡፡ ስንት እንደነበሩ እርግጠኛ አይደለችም፡፡ አንዳንድ ቀን መርፌዋን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፤ «የእማዬ እጅ ከዚህ በኋላ ወደየት ነበር የሚታጠፈው?» ትለኛለች፡፡ እኔ ምን መልስ አለኝ?

የተጠለፉት ሳጥን 1 ውስጥ ናቸው፡፡ በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጽፈናቸዋል፡፡